ከተቅዋ የቀረው

እህቴን ተቅዋን ከጣና ማዶ ቁንዝላ ከቀበርናት በኋላ ሰው ሁሉ «አላህ ያጽናሽ» ሲለኝ፣ እኔ በሆዴ «ገና መቼ ሞተችና» እል ነበር። ከጡቷ የካንሰር ዕጢ የተወሰዱት ሴሎች ባሕር ዳር፣ እኔ በምሠራበት ላብራቶሪ፣ በሙቀት ሣጥን ውስጥ ይራባሉ። ፈቅዳ የሰጠችው ራሷ ናት። «እኔን ካልጠቀመ ለሌላዋ ይሁን» ብላ። ሞኝ! ደግ ሞኝ።

ሥራችን ለሚያወራው ቀላል ነው። በሴሉ ውስጥ የሚደጋገፉ ሁለት ጂኖች አሉ። አንዱን ስንቆርጠው ሌላው ይሸፍንለታል፤ ካንሰሩም ይኖራል። ሁለቱን አብረን ብንቆርጥ ግን መሞት አለበት፤ የመድኃኒቱን መንገድ የሚያሳየንም ያ ነው። ተራ በተራ ቆርጬ ጨርሻለሁ። አብሮ መቁረጡ ላይ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ለባልደረባዬ ለኪሩቤል አንዴ ፈሳሹ ተበላሸ፣ አንዴ መብራት ጠፋ እያልኩ አዘገየሁት።

እናቴ ከተቅዋ ገላ የተወሰደ ላብራቶሪ መቅረቱን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። በእኛ ዘንድ ከሰው አካል የተቆረጠ ሁሉ አፈር ይለብሳል።

«ዘይነት፣ ልጄን ግማሿን ነው እንዴ የቀበርሁ?» አለችኝ። «በሕልሜ እየመጣች ደጅ ትቆማለች። ግቢ ስላት ዝም።»

«እማዬ፣ እሷ እኮ አይደለችም። የገደላት በሽታ ነው።»

«እንግዲያ እሱን ለመግደል ምን ትጠብቂያለሽ?»

በማግስቱ ሁለቱንም ቆረጥኩ።

ከቀናት በኋላ ሴሎቹ እየሞቱ ከማራቢያ ሳህኑ ወለል ተነቅለው ተንሳፈፉ። ኪሩቤል «ተሳካ!» ብሎ አቀፈኝ፤ በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝ። የሞቱትን በኬሚካል አጽድቼ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከእናቴ ጋር በጀልባ ቁንዝላ ተሻግረን ከተቅዋ እግር ሥር ቀበርናቸው። ስንመለስ እናቴን ጀልባው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሰኞ ጠዋት ሳህኑን ከመጣሌ በፊት በማይክሮስኮፕ አየሁት። ጠርዙ ላይ ጥቂት ሴሎች ወለሉን ሙጭጭ ብለው ይዘዋል። ወስጄ መረመርኳቸው፤ ሁለቱም ጂኖች የሉም፣ እነሱ ግን ይራባሉ። ሌላ ደጋፊ አግኝተዋል ማለት ነው። መድኃኒት ይሆናል ያልነው መንገድ ላይዘልቅ ነው። ማልቀስ ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ። እህቴን የገደላት ነገር አልሞት ስላለ ደስ አለኝ፤ ደስታዬም አስፈራኝ።

ኪሩቤል በሩን ከፍቶ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ሳህኑን ጣልሽው?»

«ጣልሁት» አልኩት፣ በጀርባዬ ከልዬው።