ያልተሰማው ግስ

ዓርብ ረፋድ ላይ ዘማርያም ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ለአሥራ አንደኛ ክፍሎች የእንግሊዝኛ ግሦች እያስተማረ ነበር። ጥቂት በጥቂት መሰብሰብን፣ መደራረብንና መጨመርን የሚናገሩትን፦ ጋዘር፣ አኪዩሙሌት፣ አማስ፣ ፓይል፣ ቢልድ። ተማሪ መቼም አቋራጭ ይወዳልና ሁሉንም «ሰበሰበ» ብለው ሊገላገሏቸው ከጀሉ።

«ሁሉም ሰበሰበ ከሆነ እንግሊዞቹ አምስት ቃል ምን ያደርግላቸዋል? ቃል ተርፏቸው ነው?» አላቸው።

ተሳሳቁ። እሱ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ለመለየት ግማሽ ክፍለ ጊዜ ፈጀ። ጋዘር እጅ ይፈልጋል፤ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚለቅመው ነው። አኪዩሙሌት ግን ማንም ሳይነካውም ይሆናል፤ ሰው በሌለበት ቤት እንደሚጠራቀም አቧራ።

ከክፍል እንደወጣ ስልኩ ጠራ። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ነበሩ፤ የኔታ መንበሩን የሚያስታምሙት መነኩሲት።

«ልጄ፣ የኔታ ደክመዋል። እህል ካፋቸው ከገባ አራት ቀናቸው። የምትመጣ ከሆነ ነገ ና። እንደ ልማድህ ከርሞ እንዳትል።»

ዘማርያም ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። እንደ ልማድህ የሚለው ቃል እውነት ስለነበረ አጥንቱ ድረስ ተሰማው።

የኔታ መንበሩ ከሉማሜ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ከአርባ ዓመት በላይ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዘማርያም ስምንት ዓመት እግራቸው ሥር ተቀምጧል። «ከእኔ በኋላ ወንበሩ የእሱ ነው» እያሉ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ይናገሩለት ነበር። እሱ ግን በስውር ከተማ እየወረደ እንግሊዝኛ ጀመረ፤ ልቡም እዚያው ቀረ። አንድ ማለዳ ዳዊቱን አንግቦ ጠፋ። የዕለቱን ግስ አላሰማም፣ አልተሰናበተም፣ አልተመረቀም።

የዚያን ቤት ሥርዓት ለማያውቅ ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። እዚያ ተማሪ የግእዙን ግስ ከነአማርኛ ፍቺው በቃሉ ይይዛል፤ የያዘውን በመምህሩ ፊት ቆሞ ያሰማል። የሚሄድበት ቀን ሲደርስም የመጨረሻውን ትምህርት አሰምቶ፣ ጥምጥሙን አውልቆ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይመረቃል። ያላሰማ አይመረቅም። ሳይመረቅ የሄደ ሰው የትም ደርሶ ምንም ቢያስተምር፣ ዕውቀቱ የሰረቀው ዕቃ እየመሰለው ይኖራል። ዘማርያምም እንደዚያ ኖረ። ክፍል ውስጥ ሲሞገስ እንኳ ደስታው ከጉሮሮው አይወርድም።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ ቢሄድ ይበቃው ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሽማግሌ ያስፈልገው ጀመር። ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ይዞ፣ በየትኛው ፊቱ እንደሚሄድ ራሱም ጠፋው። ለጥምቀት እሄዳለሁ ይላል፤ ለፋሲካ ይላል፤ እነሆ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላ። አሁን ደግሞ ሞት ሊቀድመው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሉማሜ ከአውቶቡስ ወርዶ በእግሩ ወደ ደብሩ አቀና። መንገዱን ሁሉ የይቅርታ ንግግር ሲያሰናዳ ነበር፤ መምህር ነውና አሳምሮ አሰናዳው።

የኔታ ጎጇቸው ውስጥ መደብ ላይ ተጋድመዋል። ሰውነታቸው አልቆ ከጋቢው በታች ያሉ አይመስሉም። ተማሪዎቻቸው ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ማነው?» አሉ፤ ዓይናቸው ፈዟል።

«ዘማርያም ነኝ፣ የኔታ።»

ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ።

«የማክሰኞ ግስ አለብህ» አሉት።

ያ ሁሉ ያማረ ንግግር ከአፉ ጠፋ። የጠፋበት ቀን ማክሰኞ እንደነበረ እሱ እንኳ ረስቶታል። ነጠላውን አስተካክሎ፣ እጁን አጣምሮ እንደ ጥንቱ ቆመ። የዚያ ዕለት ግስ ስለ መሰብሰብ እንደነበረ ግን አልጠፋውም፤ በጥንቱ ዜማ ጀመረ።

«አስተጋብአ፣ ሰበሰበ። ዘገበ፣ አከማቸ። ወሰከ፣ ጨመረ...»

ቀጥ አለ። ቀጣዩን ቢፈልግ የለም። ተማሪዎቹ ስለ እሱ አፍረው አቀረቀሩ። አፉ ላይ የሚመላለሰው ትናንት ሰሌዳ ላይ የጻፈው ብቻ ነበር፤ ሳያስበው በዚያው ዜማ ወጣ።

«ጋዘር፣ ሰበሰበ። አኪዩሙሌት፣ ተጠራቀመ። አማስ፣ አካበተ። ፓይል፣ ከመረ። ቢልድ፣ ገነባ።»

አንዱ ተማሪ ሳቁን ለማፈን ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። እማሆይ አማተቡ። ዘማርያም መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ድገመው» አሉ የኔታ።

ደገመው።

«የፊተኞቹ ሁለቱ በምን ይለያያሉ?»

ነገራቸው። ስለ እጁም፣ ስለ አቧራውም ነገራቸው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ያን አኳኋናቸውን ያውቀዋል፤ ከሩቅ አገር የመጣ ሊቅ አዲስ ምስጢር ሲነግራቸው እንዲህ ነበር የሚያዳምጡት።

«እንግዲህ» አሉ፣ «የእኔና ያንተን ነገር አንተም አልሰበሰብኸው፣ እኔም አልሰበሰብሁት። ዝም ስንለው ተጠራቀመ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የኔታ። መምጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

«ደብረ ማርቆስ መሆንህን በሄድህ በዓመቱ ሰምቻለሁ። ሰው ልኬ ማስጠራት አያቅተኝም ነበር። ኮራሁ።»

ዘማርያም እንባውን መያዝ አልቻለም፤ አልሞከረምም።

የኔታ ደግፈው እንዲያስቀምጧቸው እማሆይን በእጃቸው ጠቆሙ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ በዚያ፣ አገር ሁሉ በሚያውቀው ዜማቸው፣ አሁን ግን እንደ ክር በቀጠነ ድምፅ ጀመሩ። ጋዘር አሉ፣ ሰበሰበ። አኪዩሙሌት አሉ፣ ተጠራቀመ። በየመሃሉ እየደከሙ፣ እያረፉ፣ አምስቱንም አንዲት ሳትዛነፍ አደረሷቸው። ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የሰሙት። ሳቁን ያፈነው ተማሪ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ከዚያ ጥምጥማቸውን አወለቁ። የሸበተ ራሳቸውን ወደ ዘማርያም ዝቅ አደረጉ።

«አሰምቻለሁ፤ መርቀኝ» አሉ።

«የኔታ! እኔ እኮ ሳልመረቅ የሄድሁ ሰው ነኝ። በምን አፌ እመርቅዎታለሁ?»

«ያስተማረኝ አንተ ነህ። እዚህ ቤት ሌላ ሥርዓት የለም። አንገቴ ሳይዝል ቶሎ በል።»

የምርቃቱን ቃል ያውቀዋል። ጓደኞቹ እየተመረቁ ሲሄዱ ከዳር ቆሞ ሰምቶታል፤ በየዓመቱም ለራሱ ሲመኘው ኖሯል። እጁን አነሣ።

«ምስጢሩን ይግለጥልዎ።»

«አሜን።»

«የያዙትን ያጽናልዎ።»

«አሜን።»

«ከደጅዎ ተምሮ የሄደው ሁሉ...» ድምፁ ተቆረጠበት። «ከደጅዎ ተምሮ የሄደው ሁሉ ስምዎን በመልካም ያንሣ።»

«አሜን» አሉ የኔታ። ተማሪዎቹም አብረው አሜን አሉ።

እማሆይ መልሰው አስተኟቸው። የኔታ እጃቸውን ዘርግተው የዘማርያምን ራስ ፈለጉ፤ አገኙት።

«አንተም የተመረቅህ ሁን። በል እንግዲህ፣ አሰናብቼሃለሁ። ሂድ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የናፈቀው ቃል ይኸው ነበር። ተነሥቶ እስከ በሩ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ግን እግሩ እንቢ አለው፤ ተመልሶ ከተማሪዎቹ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ።