መስኮት የሌለው የዶሮ ቤት

«ተዉት ይሂድ፤ እንቁላል ሊታቀፍ ነው።»

ይህን ያለው የቢሻው ሚስት ወንድም አዝመራው ነው። ያለውም ጥር ሃያ ሦስት፣ እንጅባራ፣ የፈረሰኞቹ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ከሜዳው ወረድ ብሎ ባለው ጠላ ቤት ውስጥ ነው። ቢሻው ወደ ጫግኒ የሚመለሰው ሚኒባስ እንዳያመልጠው ብድግ ሲል ሽማግሌዎቹ ምነው ቸኮልክ አሉት። እሱ አፉን ሳይከፍት አዝመራው መለሰላቸው። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። ከሳቁት ውስጥ ከአባቱ ጎን የጋለቡ ሰዎች ነበሩበት። አንደኛው እንባውን በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ ቢሻው አይቷል፤ የትኛው እንደሆነም እስከ ዛሬ ያውቃል።

ቢሻው እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም። አራተኛ ክፍል ሳለ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት «አንተ ተቀመጥ፤ ለዚህ አልተፈጠርክም» ብሎ የመለሰውን መምህር፣ በስብሰባ ያወጣውን እጅ አልፎ ከኋላው ላለው ሰው ዕድል የሰጠውን ሊቀ መንበር፣ በገዛ ሠርጉ ለሌላው ሞልቶ ለሱ አጉድሎ የቀዳውን አሳላፊ፣ አንድ በአንድ ያስታውሳቸዋል። የአዝመራው ግን ከሁሉም ባሰበት። ስም ሆኖ ቀረ። ጫግኒ ገበያ እህል የሚሰፍሩት እንኳ ከሩቅ ሲያዩት «ታቃፊው መጣ» ይባባሉ ጀመር።

በመጋቢት፣ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት፣ ከጓሮው ጥግ ጉድጓድ እየቆፈረ የሚያብሰለስለው ይህንኑ ነበር። ጉድጓዱ ለሞቱ ዶሮዎች ነው። ትናንትም ቀብሯል፣ ከትናንት በስቲያም። አፈሩን መልሶ ከረገጠ በኋላ ላዩን በቅጠል ይሸፍነዋል፤ ጎረቤቱ ዋጋዬ በአጥሩ ቀዳዳ ካየች አዝመራው ለመስማት አይዘገይም።

ዶሮዎቹን የገዛው የአባቱን ፈረስ ሸጦ ነው። አባቱ ሲሞቱ ከትውልድ አገሩ ከዘንገና በውርስ የደረሰው ቡላው ፈረስ ብቻ ነበር። ወደ ሚስቱ አገር ወደ ጫግኒ ይዞት ወረደ፤ ቆላው እንደማይስማማው፣ ገንዲ የሚሉት የዝንብ በሽታም እንደሚጨርሰው ባየ ጊዜ ሸጠውና ዶሮ አደረገው። ዶሮ የሴት ገንዘብ ነው ይላሉ፤ ወንድ ሲያረባ ያየ ይስቃል። ቢሻው ለፋሲካ ገበያ አድርሶ ሊያሳያቸው ነበር። ዶሮዎቹ ካለቁ ፈረሱም አለቀ ማለት ነው። የፈረሰኛው ልጅ የአባቱን ፈረስ ለጉድጓድ ገበረ ይባላል።

ሰው እንዳይንቃቸውም ደህና ቤት ሠርቶላቸው ነበር። እንደ ሌላው ሰው ከአልጋ ሥር አላሳደራቸውም። ዘንገና በኩል ቤት የሚሠራው ብርድ እንዳይገባ ነው፤ ጭቃው ከጭድ ጋር በደንብ ይቦካል፣ ግድግዳው ደጋግሞ ይመረጋል፣ ሽንቁር ሁሉ ይደፈናል። የቢሻው እጅ የለመደው ይህንን ነውና ይህንኑ ሠራ፤ በላዩም ቆርቆሮ መታበት። እየመረገ ሳለ ሚስቱ እታለማሁ መጥታ መስኮት አውጣለት፣ ይህ ጫግኒ ነው ብላው ነበር። እሱ ግን በአፏ ወንድሟ የተናገረ መሰለው። መስኮት ይሁን ብላ በጣቷ ያሳየችውን ቦታ ከሌላው ይልቅ አወፈረው።

ከዚያ መጋቢት መጣ። ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ከጎናቸው አላቀው ይቆሙ ጀመር። ጥሬ አልነካ አሉ። እንቁላሉም ቅርፊቱ እየሳሳ በእጅ ሲይዙት ይሰበራል። ቢሻው ፈንግል ነው ብሎ ደመደመ። የጎረቤት ዶሮ ሌላ በሽታ እንዳይጨምርባቸው በሩን ቀን ለቀን ዘጋው። በዘጋ ቁጥር ባሰባቸው። እታለማሁ ክፈተው ስትለው፣ ለጫግኒ ሰው ሬሳ ላስቆጥርልሽ ነው ወይ ብሎ ተቆጣት።

ያን ዕለት ጉድጓዱን ጨርሶ የሞቱትን ሊያወጣ ጎንበስ ብሎ ወደ ዶሮ ቤቱ ገባ። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ዋጋዬ ስታወራ ሰማ፤ የሚመልስላት ደግሞ አዝመራው ነበር። ቢሻው በሩን ከውስጥ ሳበው። በበሩ ስንጥቅ ከምትገባው ቀጭን ብርሃን በቀር ጨለማ ነው። በእጁ እየዳሰሰ አንዷን አነሳ፣ ሌላዋን አነሳ። እነዚያ ስለ በቆሎ ዋጋ ያወራሉ፤ አይሄዱም። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። የቆርቆሮው ወላፈን ከላይ ተጫነው፣ የኩሱ ሽታ አፍንጫውን ሰነፈጠው። ትንሽ ልታገስ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ ግድግዳው ራሱ እንደ ምድጃ ድንጋይ ይፋጃል። ኋላ ሲያስተውል አፉን ከፍቷል። ክንዶቹን ከጎኑ አላቆ ያለከልካል። ፊት ለፊቱ አንዲት ነጭ ዶሮ እንደሱው አፏን ከፍታ ታየዋለች።

ፈንግል አልነበረም። ቢሻው ይህን በገዛ ደረቱ አወቀው።

በሩን ለመክፈት እንኳ አልታገሰም። ኩስ የሚጠርግበትን ዶማ አንስቶ ከተቀመጠበት ግድግዳውን ይመታው ጀመር። ያው ያወፈረው ቦታ ነበርና ቶሎ አልበገር አለው። መታው፤ ደግሞ መታው። በመጨረሻ ብርሃንና አቧራ ተያይዘው ገቡ። ጭቃና ላባ ተለጥፎበት ጭንቅላቱን በቀዳዳው ብቅ ሲያደርግ ዋጋዬና አዝመራው በአጥሩ ላይ ተንጠራርተው ያዩታል።

«ይኸውልሽ፣» አለ አዝመራው ለዋጋዬ፣ «ታቅፎ ታቅፎ ተፈለፈለ።»

ዋጋዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ቢሻው በቀዳዳው ወጥቶ ዶማውን እንደያዘ ቀና አለ። ነጯ ዶሮም ተከትላው ሾልካ ወጣች፤ እየተንገዳገደች እስከ አጥሩ ሄዳ፣ አዝመራው ከቆመበት ፊት ለፊት ነፋስ ፍለጋ አንገቷን ዘረጋች።

«ዞር በል፤ ነፋሱን ጋርደህባታል» አለው ቢሻው።

አዝመራው ሳያስበው ዞር አለ።

እታለማሁ ከቤት ወጥታ መጣች። ቢሻው «ነግሬህ ነበር» የሚለውን ቃል ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። እሷ የፈረሰውን አየችና በወንዙ በኩል ያለውን ግድግዳ በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ይሄንንም ጨምረው። ነፋሱ የሚመጣው ከዚህ ነው» አለችና ፍርስራሹን ታወጣ ጀመር።

ነግሬህ ነበር ባለማለቷም ሊቀየማት ቃጥቶት ነበር፤ ጊዜ አላገኘም።

በማግስቱ እንጅባራ ወጥቶ ቀርከሃ ገዛ። የሚኒባሱ ረዳት ጣሪያ ላይ አልጭንም ብሎ ሲጨቃጨቀው የረዳቱንም መልክ ለይቶ ያዘ። ቀርከሃ መሰንጠቅ ከልጅነቱ ያውቃል። እየሰነጠቀና እያጠላለፈ ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ሸለምጥማጥ የማያሳልፍ ግድግዳ ሠራ። ቆርቆሮውን በሣር አለበሰው። እታለማሁ ውሃ በሰፊ ሸክላ እያደረገች ከማንጎው ሥር ታስቀምጣለች፤ ሲሞቅ ትደፋና ትለውጠዋለች። ቀትር ላይ ጆንያ ነክረው በነፋሱ በኩል ይሰቅላሉ። ጥሬውን ማለዳና ወደ ማታ ብቻ ይበትኑላቸዋል፤ በቀትር የበላ ዶሮ የበለጠ ይሞቀዋል ትላለች፣ እሱም አልተከራከራትም። ከዚያ በኋላም ጥቂት ሞቱ። ቀስ በቀስ ግን ሞቱ ቆመ። ላባቸው ተስተካከለ፣ አናታቸው ላይ ያለው ሥጋ ደም መሰለ፣ አውራዎቹ መደባደብ ጀመሩ። ቢሻው ሲደባደቡ ቆሞ ማየት ወደደ።

ሙቀቱ ሌላውንም አልማረም። አዝመራው ዋጋው ይውጣ ብሎ መጋዘን ያከማቸው በቆሎ ነቀዝ ገባበት። ይህን በጸሎተ ሐሙስ የነገረችው ዋጋዬ ናት፤ እሷ የማንንም ወሬ ለማንም አታስቀርም። ቢሻው ከጥር ጀምሮ ሲፈልገው የነበረውን መልስ ያን ዕለት አገኘው። «እኔ የታቀፍኩት ተፈልፍሏል፤ አንተ የታቀፍከውን ግን ነቀዝ በላው።» ለብቻው ሆኖ በአማርኛም በአዊኛም ሞከረው። በሁለቱም ያምር ነበር።

ቅዳም ስዑር ንጋት ላይ ዶሮዎቹን በቀርከሃ ቅርጫቶች ሲከት እታለማሁ አጠገቡ ቆማ ታግዘዋለች። ስለ ወንድሟ አንድም ነገር አላነሳችም። ቢሻው ከሁሉም የከበደውን ቀይ አውራ ዶሮ መርጦ እጇ ላይ አደረገላት።

«ለወንድምሽ ቤት አድርሺው።»

«ምን ልበለው?»

«ምንም አትበዪ። ይመዝነው።»

ገበያው ከማለዳ ጀምሮ ይግል ነበር። ሌላው ሻጭ ዶሮዎቹን እግራቸውን አስሮ፣ ዘቅዝቆ ተሸክሞ ነው የመጣው፤ ሲደርሱ አንገታቸው ተልፈስፍሷል። የቢሻው ዶሮዎች እርጥብ ጆንያ ከላያቸው ተጥሎ፣ ቅርጫቱ ውስጥ እየተቁነጠነጡ ደረሱ። ሴቶቹ አንስተው ክብደታቸውን ሲያዩ ዋጋ መከራከሩን ተዉት። አንዲት አሮጊት ይህን የመሰለ ዶሮ ከየት አገር አመጣኸው ብለው ጠየቁት።

«እዚሁ ነው ያደገው፣ እናቴ» አላቸው። «ይህንኑ ፀሐይ ሲሞቅ።»

እህል ሰፋሪዎቹም ተራ በተራ መጥተው ለየቤታቸው ገዙ። ማንም በቅጽል ስሙ አልጠራውም። እንዲያውም አንዱ አቶ ቢሻው አለው። ቢሻው ይህንንም አይረሳም። ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትደርስ ቅርጫቶቹ ባዶ ሆኑ፤ የፈረሱ ዋጋ፣ ከላዩም አዲስ ጫጩት የሚገዛበት፣ ኪሱ ገባ።

አዝመራው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከንጋት ጀምሮ መጋዘኑ ውስጥ በቆሎውን ሲያስበጥር ቆይቶ ትከሻውና ሽፋሽፍቱ በነቀዝ ዱቄት ነጥቷል። ቤቱ እንኳ ጎራ አላለም። ለነገው ፋሲካ ከእንጅባራ እንግዶች ጠርቷል። ባዶዎቹን ቅርጫቶች አየ፤ ወዲያና ወዲህ ተመለከተ፤ ገበያው ላይ ሰው ፊት የሚቀርብ ዶሮ አልቀረም።

«አንተ ታቃፊ፣» አለው ሊስቅ እየሞከረ፣ «ለሚስትህ ወንድም አንዲት አታስቀርም?»

ሰፋሪዎቹ ሥራቸውን አቁመው ዞሩ። መልሱ ቢሻው አፍ ላይ ነበር፣ ተስሎ ተዘጋጅቶ። የአዝመራውን ሽፋሽፍት አየ። ዱቄቱ ከላቡ ጋር ተቦክቶ ጉንጩ ላይ ወርዷል። ቀዩ አውራ ዶሮ ይህን ጊዜ በዚሁ ሰውዬ ደጃፍ ታስሮ ሰፈሩን በጩኸት እየበጠበጠ ይሆናል።

ቢሻው ቅርጫቶቹን አንዱን በአንዱ ውስጥ ከትቶ ትከሻው ላይ አወጣቸው። ወደ ባጃጆቹ መቆሚያ መንገድ ጀመረ።

«ቢሻው» ሲል ሰማው ከኋላው፤ በዚህ ጊዜ በስሙ ነበር። «ቢሻው፣ ስማ እንጂ።»

እርምጃውን አላፈጠነም፤ ዞርም አላለም።