ኢራጅን ይዤ በጉብታዎቹ

አለቃችን ነስሮላ ነገር ማለዘብ አልፈጠረበትም። ሻይ ቤቱ ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ የምስር ሾርባውን እያማሰለ፣ በሩ ላይ ቆሞ ጮኸብኝ።

"ሆርሞዝ! ሦስት ሳምንት ሰጥቼሃለሁ። ቁስለኛ በሸርተቴ ጭነህ በበረዶው ጉብታዎች መሃል ትወርዳለህ። ካቃተህ ቀዩን ጃኬት ታስረክባለህ።"

"በጎን መንገድ እየዞርኩ ስንቱን አወረድኩ! አንድ የሞተብኝ ሰው አለ?"

"እስካሁን የለም። በጎን ሃያ ደቂቃ ነው፣ በጉብታዎቹ አምስት። ደሙ የሚፈስ ሰው አንተ እስክትዞር ይጠብቅሃል?"

"ተዉት ገልባጩን!" አለ አንዱ ከጥግ። "አሸዋ ያመላልስበት!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ገልባጩ እኔ ነኝ። እዚህ በእኛ የበረዶ መንደር፣ ሸምሻክ ውስጥ፣ ስም አንዴ ከወጣልህ መቃብርህ ድረስ ይሸኝሃል። ይህን ስም ያገኘሁት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ታላቅ ወንድሜ ኢራጅ ላይኛው የበረዶ ቁልቁለት ላይ በስኪ ሲንሸራተት ወድቆ ቅልጥሙ ተሰበረ። እኔ የነፍስ አድኑን ቀይ ጃኬት ከለበስኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። እንደ ጉረኛ ሸርተቴው ላይ አስሬ፣ ከፊት ሁለቱን እጀታ ጨብጬ፣ በአቋራጭ በጉብታዎቹ መሃል ይዤው ወረድኩ። አጋማሹ ላይ ሸርተቴው በድንገት ወደ ግራ ሄደና ተገለበጠ። የኢራጅ እግር ዳግመኛ ተሰበረ፣ ሲድንም አጥሮ ዳነ። በዚያ ቁልቁለት ላይ የመንደሩ አንደኛ የነበረ ሰው ዛሬ በከዘራ ነው የሚሄደው። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ በጉብታዎቹ መሃል ወርጄ አላውቅም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ባዶ ሸርተቴ ስጎትት እንኳ በጎን እዞራለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቁልቁለቱ አናት የሚያወጣው ሊፍት ሳይከፈት ታህሚኔ ቆማ ጠበቀችኝ። የኢራጅ ሚስት ናት። የስኪ አስተማሪ ናት፤ ምላሷ ከስኪዋ ጠርዝ ይበልጥ ይቆርጣል።

"ላስተምርህ ነው" አለችኝ።

"ኢራጅ ነው የላከሽ?"

"ኢራጅ እዚህ መሆኔንም አያውቅም። ጃኬቱን ካስረከብክ ቀኑን ሙሉ ቤቴ ተጎልተህ ሻዬን ልትጨርስብኝ ነው። ለራሴ ብዬ ነው። በል ውረድ፣ ልይህ።"

ወረድኩ፣ መውረድ ከተባለ። አራተኛው ጉብታ አየር ላይ ወረወረኝ፣ ሰባተኛው ላይ በቂጤ ተቀመጥኩ። መጥታ ከላዬ ቆመች። እጇን እንኳ አልዘረጋችልኝም።

"ምን ስታይ ነበር?"

"ጉብታውን ነዋ!"

"የትኛውን?"

"ፊቴ ያለውን! ሌላ የትኛውን ልይ?"

"ፊትህ ያለው አንዴ መጥቷል፣ ምንም አታደርገውም። ሦስተኛውን እይ። የቅርቡን እግርህ ራሱ ያገኘዋል።" በስኪ ዘንጓ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችው። "ይሄስ ብረት ነው እንዴ? ጉብታው ሲገፋህ ጉልበትህ ወደ ደረትህ ይታጠፍ። ጫፉን ስታልፍ እግርህን ወደ ጎድጓዳው ስደደው፣ በረዶውን አትልቀቀው። ከወገብ በላይ ያለው ሆርሞዝ ታች ምን እንዳለ ወሬውንም አይስማ።"

"እሺ።"

"እሺ አትበለኝ። ዋናው በሽታህ ሌላ ነው። ስትፈራ ወደ ተራራው ትደገፋለህ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ሲፈራ የሚይዘውን ነገር ከኋላው ይፈልጋል። ተራራው ግን አይይዝህም። ስኪህ ከሥርህ ሮጦ ጥሎህ ይሄዳል። ደረትህን ለሸለቆው ስጠው።"

ደረትህን ለሸለቆው ስጠው! ማውራት ቀላል ነው። ሸለቆው ጥርሱን አግጦ ከታች ይጠብቅሃል፣ እሷ ስጠው ትላለች።

ከዚያ ከኪሷ አንድ አንኳር ስኳር አወጣች።

"በጥርስህ ያዘው፣ ሻይ ስንጠጣ እንደምንይዘው። ሳትሰብረው ታች አድርሰው።"

"ስኳርና ጉልበት ምን አገናኘው?"

"መንጋጋውን ያጠበቀ ሰው ጉልበቱንም ያደርቃል። እኔ ከላይ ሆኜ ፍርሃትህን ማየት አልችልም፤ ስኳሩ ይነግረኛል።"

የመጀመሪያውን ቀን አሥራ አንድ ስኳር ሰበርኩ። ሁለተኛውን ቀን ዘጠኝ። "ኧረ በስኳር በሽታ ሳትሞት ተማር!" እያለች ከላይ ትጮኻለች። ያስተማረቻቸው ልጆች ሁሉ በአጠገቤ ሽው እያሉ ያልፋሉ፣ እኔ የአርባ አንድ ዓመት ሰው አፌን ስኳር ሞልቼ በረዶ ላይ እንከባለላለሁ። ስንቴ ስኪውን ወርውሬ ልሄድ አሰብኩ! ከዚያ የነስሮላ ፊት ትዝ ይለኛል፣ ያ ከጥግ የመጣው ፌዝም፤ ተመልሼ እወጣለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አንድ ነገር ሆነ። ዓይኔን ሦስተኛው ላይ ተክዬ ስወርድ ጉልበቶቼ ሳላዛቸው ይታጠፉ ጀመር። ጉብታው ይመጣል፣ ይውጠኛል፣ ይተፋኛል፣ ራሴ ግን አይነቃነቅም። ታች ደርሼ ስኳሩን በመዳፌ ላይ ተፋሁት። ሙሉ ነበር። ታህሚኔ አየችውና፣ "ብላው፣ ሠርተህበታል" አለችኝ። ከእሷ አፍ የወጣ ምስጋና ያ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሸርተቴውን አመጣን። ዘንግ የለም፣ ሁለት እጅ በሁለት እጀታ ላይ፣ ከኋላዬ ሦስት ከረጢት አሸዋ። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ አይቶ፣ "አላልንም? አሸዋ ጀመረ!" አለና ወሬውን በመንደሩ ነዛው። ይሁን። አሸዋውን ስድስት ጊዜ አወረድኩት፣ ስድስቱንም ጊዜ እንደታሰረ ታች ደረሰ።

የፈተናዬ ቀን፣ ሐሙስ፣ ደረሰ። ሌሊቱን ቆርፍዶ ያደረው በረዶ ጠንክሮ ያብረቀርቃል፤ ጎድጓዶቹ መስታወት ሆነዋል። አርብ የዕረፍት ቀን ሆኖ ከቴህራን ሕዝብ ስለሚጎርፍ ነስሮላ ለሌላ ቀን አላስተላልፍም አለ። የመንደሩ ሰው ሻይ ቤቱ ሰገነት ላይ ተሰልፏል፣ ሻይ በእጁ። የሚገለበጥ ሰው ለማየት ሥራ የሚፈታ ሕዝብ ነው የእኛ።

ላይ፣ ቁልቁለቱ አናት ላይ፣ ነስሮላ ባልደረቦቼን እያየ፣ "በፈተናው አሸዋ አይሠራም። ሕይወት ያለው ሰው ይተኛ" አለ። "ማን ይተኛል?"

አንዱ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ሌላው ሰማዩን አየ። "እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ" አለ ሦስተኛው፣ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ አይደለም።

ያን ጊዜ የበረዶ ሞተሩ፣ በረዶ ላይ የሚሄደው ሞተር ብስክሌታችን፣ እየጮኸ መጣና ከኋላ ወንበሩ ኢራጅ ወረደ። ከዘራውን ለነስሮላ ሰጠው፣ ሸርተቴው ላይ ቁጭ አለ፣ አጭሩን እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አስገባ።

"ወንድሜ ኢራጅ፣ በእናትህ" አልኩት። "ሌላ ማንም ሰው ይሁን።"

"እሰረኝ።"

"እንደገና ብገለብጥህስ?"

"እሰረኝ አልኩህ እኮ!"

አሰርኩት። ጭንቅላቱ ወደ ተራራው፣ እግሩ ወደ እኔ ጀርባ። እጆቹን ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባሁና ቀበቶውን ደረቱ ላይ ጠበቅ አደረግኩ። ታህሚኔ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች፣ ፊቷ ነጭ ሆኗል። አንኳር ስኳር ብቻ ዘረጋችልኝ፣ በጥርሴ ያዝኩት፣ እጀታዎቹን ጨበጥኩና ወረድኩ።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ጉብታዎች መልካም ነበሩ። ስኪዬ መስታወቱ ላይ ይጮኻል፣ ጉልበቴ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሦስተኛውን እይ። ሦስተኛውን። ከኋላዬ የኢራጅን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ እየፈጠነ ነው። ሃያኛው ጋ ደረስን። አጋማሹ ታየኝ፣ ሦስት ጉብታዎች ተጠጋግተው የቆሙበት፣ ዘጠኝ ዓመት በህልሜ የማየው ቦታ። ስኳሩ ግን አልተሰበረም።

ልክ እዚያ ስንደርስ ሸርተቴው ወደ ግራ ተጎተተ።

ያው ነው፤ የዘጠኝ ዓመቱ ጉተታ ራሱ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው በኩል። ያኔ ከእኔ ስህተት የመጣ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን እግሬን አውቀዋለሁ፣ የስኪዬ ጠርዝ አልሳተም፣ ደረቴ ለሸለቆው እንደተሰጠ ነው። ጉተታው ከኋላዬ ነው የመጣው። ስድስት ጊዜ ያወረድኩት አሸዋ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም፤ አሸዋ አይፈራማ! የግራው ጎን መነሳት ጀመረ። ስኳሩን ተፋሁት።

"እጅህን አስገባ!" ብዬ ጮኽኩ። "ኢራጅ! እጅህን!"

ወደ ኋላ አልዞርኩም። ብዞር አብረን እንሄዳለን። ዓይኔን ሦስተኛው ጉብታ ላይ ተክዬ ጉልበቴን እስከ ደረቴ አጠፍኩ። ሸርተቴው በአንድ ጎኑ ትንሽ ሄደ፣ ከዚያ ጉተታው ለቀቀ፣ ጓ ብሎ በሆዱ ተቀመጠ። የቀሩትን ጉብታዎች እንዴት እንደወረድኳቸው አላስታውስም። ታች ስቆም ሰገነቱ ላይ ያሉት ሰዎች ሻያቸውን ረስተውታል።

ነስሮላ ተከትሎን ወርዶ አጠገቤ ቆመ። ታህሚኔም ደረሰች።

"አልገለበጥክም" አለ ነስሮላ። "ግን መሃል ላይ ወደ ግራ ሄደብህ። በአንድ ጣት ነው የተረፋችሁት። ምን ሆነህ ነው? መልስ ከሌለህ ጃኬቱን አልተውልህም።"

የኢራጅን እጅ አየሁ። የግራ እጁ ከብርድ ልብሱ ውጭ ነው፣ ጓንቱ እስከ አንጓው በረዶ ሞልቶ አብጧል። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ሁሉም ሰው እየሰማኝ ነው፣ አንድ ቃል ብል ስሜ ይመለሳል። ወንድሜን ግን ታስሮ በተኛበት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ፈሪ ማለት አቃተኝ።

"ጠርዜ ሳተ" አልኩ።

"ውሸቱን ነው" አለ ኢራጅ።

ጓንቱን በጥርሱ አወለቀና ገለበጠው። በረዶው ተጠቅጥቆ የእጁን ቅርጽ ይዞ ወደቀ።

"እጄ ነው" አለ፣ ሰገነቱ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። "ፈርቼ ጉብታውን ጨበጥኩት። ያኔም እጄ ነበር። ሆርሞዝ አይደለም የገለበጠኝ። እኔ ነኝ የገለበጥኩት።"

ማንም አልሳቀም። ታህሚኔ ባሏን እንደማታውቀው ሰው አየችው።

ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ነደድኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሱ ዝምታ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔን ሲያነቅዘኝ ኖሯል። ልመታው ፈለግኩ፣ እንደታሰረ።

"ዘጠኝ ዓመት፣ ኢራጅ!" አልኩት። "ዘጠኝ ዓመት እያየኸኝ!"

"አዎ" አለ። "የተራራው አንደኛ እኔ ነበርኩ፤ ፈራሁ ማለት አቃተኝ። ዛሬ ደግሞ እጄን አላወጣም ብዬ ምዬ ነበር የተኛሁት። እጄ እምቢ አለኝ።"

ነስሮላ ጉሮሮውን ጠረገ። "ይኼ ፈተና አይቆጠርም። ይደገማል። ሌላ ሰው አስተኛ።"

ከሰገነቱ ሁለት ሰዎች፣ "እኔ! እኔ ልተኛለት!" ብለው ተነሱ። አንደኛው ያ ሻይ ቤት ከጥግ የተሳለቀብኝ ነበር። ኢራጅ ቀበቶውን ሊፈታ እጁን ሰደደ።

እጁን ያዝኩት። አልታረቅንም፣ ገና ብዙ የምለው ነበረኝ። ግን ሸርተቴው የእኔ ነው፣ ማን እንደሚተኛበትም የምወስነው እኔ ነኝ። ሁለቱንም እጆቹን ብርድ ልብሱ ውስጥ መለስኩና ቀበቶውን እንደገና አሰርኩ። ከዚያ ከታህሚኔ መዳፍ አንድ አንኳር ስኳር አንስቼ ታላቅ ወንድሜ ጥርስ መሃል አስገባሁት።

"እንዳትሰብረው" አልኩት። ለበረዶ ሞተሩ ነጂም ሽቅብ እንዲጎትተን ምልክት ሰጠሁ።