የአፈ ጉባኤው አደባባይ

በአሮጌው አደባባይ ዙሪያ የሚነግዱ ሁሉ የልብስ ሰፊዋን አባት «አፈ ጉባኤ» ነበር የሚሉት። ሸንጎ መርቶ አያውቅም፤ ሥራው አስጎብኚነት ነው። ግን አንዴ አፉን ከከፈተ የሚያቋርጠው ስላልነበረ ስሙ ተለጥፎበት ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ኮቱን ለብሶ መሐል ከተማ ካለው ድንጋይ ንጣፍ አደባባይ ላይ ይቆማል፤ የመጣውን እንግዳ ከሰዓት ማማው ወደ ምንጩ፣ ከምንጩ ወደ አሮጌው ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤቱ ወደ ቅስቶቹ ገበያ እያዞረ ያወራል። አንዱ ነጋዴ «ይህ ሰውዬ እኮ ድንጋዩን ያናግረዋል» ሲል፣ ሌላው «ኧረ ድንጋዩ ነው እረፍት ያጣው» ብሎ ይመልሳል።

ቤት ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ቃሉን ሁሉ ለመንገደኛ በትኖ፣ እንደ ባዶ ስልቻ ተጨማትሮ ይመለሳል። ልጁ ትንሽ ሳለች ከእራት በኋላ አጠገቡ ትቀመጥና አንድ ነገር እስኪናገር ትጠብቃለች። እሱ ጉሮሮውን ለብ ባለ ውሃ ያርሳል፣ ራሷን ዳበስ ያደርጋል፣ ይተኛል። «አንድ ቀን ነይና አስጎበኝሻለሁ» ማለት ግን ያዘወትር ነበር። እሷ በልጅነቷ አኩርፋ፣ ካደገች በኋላ ደግሞ ሥራ በዝቶባት ሳትሄድ ቀረች። ከቤታቸው አደባባዩ ድረስ የአንድ አውቶቡስ መንገድ ነው። ሰው ቅርብ ያለውን ነገር የትም አይሄድም ብሎ ይዘናጋል።

በኋላ አባትየውን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑን ያዘው፤ እግሩ ቀስ በቀስ ሲመለስለት ምላሱ አልተመለሰም። የሚሉትን ይሰማል፣ ይገባዋል፣ መልሱም ዓይኑ ውስጥ ይታያል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ከዚያማ»። ውሃ ሲፈልግ «ከዚያማ»፣ ሲቆጣ «ከዚያማ»። እህቱ ልትጠይቀው መጥታ ስታለቅስ እጇን ይዞ፣ እንደሚያጽናና ሰው ዝግ ብሎ፣ «ከዚያማ፣ ከዚያማ» አላት። እንግዶቹን ከአንዱ ታሪክ ወደ ሌላው የሚያሻግርበት ቃሉ ነበር። ድልድዩ ብቻ ቀርቶ ወዲያና ወዲህ ማዶውን ጎርፍ ወስዶታል።

የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ሥዕል እያሳየች፣ ዘፈን እያስዘፈነች ብዙ ደከመች። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋን ለብቻዋ ጠርታ፣ አንዳንድ በሽተኛ የለመደው ቦታ ላይ ሲቆም የጠፋው ቃል ድንገት እንደሚመጣለት ነገረቻት። ተስፋ አልሰጠቻትም፤ ቢሞከር አይጎዳም ነው ያለችው። ልብስ ሰፊዋ ግን ጆሮዋ ውስጥ የቀረው «ይመጣለታል» የሚለው ብቻ ነበር። አባቷ ከተመለሰለት የመጀመሪያው ቃል ለእሷ እንደሚሆን በልቧ ወስና ወጣች።

በማግስቱ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጠርዙ ሳይታጠፍ ማሽኑ ላይ እንዳለ ትታ ሱቋን ዘጋች። አባቷ የት እንደሚሄዱ ሲሰማ ከአልጋው ሥር ሻንጣውን ጎትቶ ሰማያዊውን ኮት አወጣ። ልትረዳው ብትሞክር እጇን ገፋ አደረጋት። አዝራሮቹን በግራ እጁ አንድ በአንድ ሲቆልፍ ግንባሩ አላበው። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶ ሰቀላ ላይ የተንጠለጠለ መስሎ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ መስኮቱን ይዞ፣ ፊቱ እንደ ተማሪ በርቶ ተቀመጠ፤ እሷም እሱን እያየች ልቧ ከአሁን አሁን ይናገራል ብሎ ተንጠልጥሎ ሄደ።

አደባባዩ ከጠበቀችው ያነሰ ነበር። ንጣፉ በእግር ብዛት ተልጎ እንደ ሳሙና ያብረቀርቃል። ምንጩ ደርቆ ሥሩ የሲጋራ ቁራጭና ቅጠል ተጠራቅሞበታል። የሰዓት ማማው ጠቋሚዎች እኩለ ቀን ላይ እንደተጣበቁ ቆመዋል፤ ርግቦች ያርፉባቸዋል። አባቷ ግን እዚያ ሲደርስ ቁመቱ ጨመረ። እጇን ይዞ ይመራት ጀመር።

ወደ ፍርድ ቤቱ ምድር ቤት አወረዳት። ደረጃው ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ላብ ያለው ይመስል ይረጥባል። ግድግዳው ላይ የተተከለ የብረት ቀለበት አሳያት፣ በጣቱ ዞር አደረገላት፣ ዓይኗን እያየ «ከዚያማ» አለ።

«እሺ አባዬ፤ ከዚያስ?» አለችው።

ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። አገጩ ወደ ላይና ወደ ታች ሄደ። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ አንገቱን ሲያሳብጠው አየች። የወጣው ያው ነበር።

ቅስቶቹ ሥር ጃንጥላ የሚሸጠው ሰውዬ ከሩቅ አይቶት «አፈ ጉባኤ መጣ» እያለ ከወንበሩ ተነሳ። አቅፎት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ የት እንደጠፋ ጠየቀው። መልሱን ሲሰማ እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ የተናገረው ለልጅየዋ ብቻ ነበር፤ እሱንም ያወራው አባትየው እዚያ እንደሌለ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው።

ማማው ሥር አረፍ እንዳሉ ከሌላ ከተማ የመጡ መምህራን ከበቧቸው። የአስጎብኚ ኮቱን አይተው ነው። ጠየም ያለች፣ ኮፍያ ያደረገች ሴት ቀረብ ብላ፣

«አባት፣ ይህ ሰዓት ለምንድን ነው እንዲህ የቆመው?» አለችው።

አባትየው ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ ልታስቆመው እጇን ዘረጋችና ተወችው፤ ምናልባት አሁን ነው አለች በልቧ። እሱ የሚደገፍበትን ከዘራ ወደ ማማው አነሳ፣ ሰዎቹን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ሰበሰበ፣ ደረቱን ሞላ። መምህራኑ ወደ ማማው አንጋጠጡ። «ከዚያማ» አለ። ጠበቁት። «ከዚያማ…» አንዷ ፈገግ አለች፤ ጨዋታ ማድመቂያ መስሏት ነው። ሌላ ቃል ሳይከተል ሲቀር ፈገግታው ረገፈ፤ አንዱ ሰዓቱን አየ፣ አንዱ ጫማውን። ኮፍያ ያደረገችው ሴት ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። አንቺ ንገሪን የምትል ትመስላለች።

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። ይህ ሰው በዚህ ማማ ነበር ያሳደጋት፤ ልብሷም ትምህርቷም ከዚህ ሰዓት ታሪክ የተገኘ ነው፤ እሷ ግን ታሪኩን አንድ ቀን ሰምታው አታውቅም። «አላውቀውም» አለች።

ያዳናቸው አንድ ወጣት አስጎብኚ ነበር። አባቷ ያሠለጠነው ነው፤ ከሩቅ አይቶ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ» ብሎ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው፣ ለእንግዶቹም መምህሩ መሆኑን ነገራቸው፣ «ይፍቀዱልኝ» ብሎም ታሪኩን ተቀበለው። ድሮ የከተማዋ ገዥ ቤተ መንግሥቱን ሲያሠራ፣ ግንበኞቹ የመውጫ ሰዓታቸው ደረሰ ብለው ሥራ እንዳያቆሙ ሰዓቱን ወደ ኋላ እያስመለሰ ያታልላቸው ነበር። የሰዓቱ ጠባቂ ይህን ሲያደርግ ኖሮ፣ አንድ እኩለ ቀን ላይ ልቡ አልችል አለው። ሰዓቱን አቁሞ የሚሞላበትን ቁልፍ ወረወረው። አስረው ከፍርድ ቤቱ ሥር አወረዱት፤ ሰዓቱንም ማንም ዳግመኛ ማስነሳት አልቻለም። ወጣቱ አሳምሮ ነው የተናገረው። መምህራኑ አጨበጨቡ።

ልብስ ሰፊዋ ግን አባቷን ነበር የምታየው። ወጣቱ ሲናገር የአባቷ ከንፈር አብሮት ይሄድ ነበር። ወጣቱ ካቆመ በኋላም አላቆመም። ታሪኩ ይቀጥላል ማለት ነው። እንግዶቹ ሲበተኑ የወጣቱን እጅጌ ይዛ ጠየቀችው።

«ቀሪው ምንድን ነው?»

ወጣቱ ዓይኑን ሰበር አደረገ። «እሳቸው መጨረሻውን የሚናገሩት ደስ ያላቸው ቀን ብቻ ነበር እትዬ» አላት። «እኔ እንዲያ ያለ ቀን አልገጠመኝም። ሌላ የሚያውቅ ሰው ስለመኖሩም እንጃ።»

አባቷ ይሄኔ ክንዷን ጎተተ። እያነከሰ፣ እየቸኮለ፣ ወደ ቅስቶቹ ወሰዳት። ከአንዱ ምሰሶ ሥር ጎንበስ ብሎ ጽሑፉ የተፋቀ ድንጋይ በመዳፉ ዳሰሰ፤ ቀና ብሎም አያት። እሷ ተንበርክካ ትጠይቀው ጀመር። ጠባቂው እዚህ ሞተ? ራሱን ነቀነቀ፣ አይደለም። ቁልፉ እዚህ ነው ያለው? አይደለም። ሚስት ነበረችው? አመነታ፤ አዎ ሊል ነው ስትል፣ አይደለም። የምታውቀውን ጥያቄ ሁሉ ጨረሰች። እሱ ድንጋዩን በጥፊ ይመታ ጀመር። «ከዚያማ፣ ከዚያማ፣ ከዚያማ» እያለ ድምፁ ከፍ አለ፤ አላፊ አግዳሚው ቆመ፤ ጃንጥላ ሻጩ ፊቱን አዞረ።

«በቃ አባዬ፣ እንሂድ» አለችው።

ፊቱ ላይ በር የዘጋችበት ያህል አያት። እጁን ከድንጋዩ ላይ አነሳ፤ መዳፉ ተልጦ ደምቷል። በመሐረቧ ስትጠቀልልለት አልከለከላትም። አውቶቡስ ውስጥ ኮቱን አውልቆ ጭኗ ላይ አስቀመጠው። ለእሷ የተቀመጠ ሌላ ቃል እንደሌለ ያኔ ገባት። የነበረው ይኸው የአደባባዩ ታሪክ ነበር፤ ሊሰጣት ሞክሯል፤ እሷ የምትቀበልበት ጊዜ ደግሞ ካለፈ ቆይቷል።

ከዚያን ቀን ወዲህ አባትየው ያቺን አንዲት ቃሉንም ተወ። አክስቷ መጥታ ደክሞት ነው፣ ይመለስለታል አለች፤ ሁለተኛ ስትመጣ ግን አላለችም፤ ብርድ ልብሱን አስተካክላለት ሄደች። ወጣቱ አስጎብኚ አንድ ጊዜ ብርቱካን ይዞ መጥቶ፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ አንዱን ልጦለት ተነሳ። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ወሩን ሙሉ ሞክራ፣ ተራውን ለሌላ በሽተኛ ብንለቅለት ይሻላል ስትል ልብስ ሰፊዋን አማከረቻት። ልብስ ሰፊዋ አልተከራከረችም። «አንቺ ምን ታደርጊ» አለቻት፣ አመስግናትም ወጣች።

ማምሻውን ሾርባ አሙቃ ወደ ክፍሉ ገባች። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ «አባዬ» ብላ ጠራችው። ዓይኑ ክፍት እንደሆነ ከጎን ይታያታል። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ጠበቀችው፤ አልዞረም።