አምስት ሹፌር፣ አንድ ወንበር

«ኧረ ጋሼ፣ ተው! የሰው ጉሮሮ አትዝጋ!» እያልኩ ነው የገባሁት፣ በሩን እንኳ ሳላንኳኳ።

ጋሽ ፍሬቻ ጀርባው ቀጥ ባለ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወገቡ በሰፊ ቀበቶ ስለታሰረ አንገቱን ብቻ ማዞር አይሆንለትም፤ ከነሙሉ አካሉ ዞረ።

«የማንን ጉሮሮ?»

«የሹፌሩን ነዋ! ግድግዳችን እኮ ወረቀት ነው። "ባዶውን የሚመለስ ሹፌር አልፈልግም፣ ነገ ጠዋት ቁልፉን አስረክብ" ስትል ሰማሁህ። ምናልባት የልጆች አባት ነው። አንድ ጊዜ ማረው፣ እኔ ዋስ እሆነዋለሁ።»

«ልጅ የለውም።»

«በምን አወቅህ?»

«እግርም የለውም» አለና በጣቱ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመኝ።

መነጽሬን አውጥቼ አየሁ። ጉርድ ፎቶ ነው፤ ከትከሻ በላይ ብቻ የተነሳ፣ ጢሙ ደረቱን ሊነካ ምንም ያልቀረው ሰውዬ። ከጎኑ ቀይ ቁጥር ተጽፏል። ከእሱ በላይ ሌሎች አራት ፊቶች ተደርድረዋል። ለካ ጎረቤቴ ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ሳምንት የጭነት ድርጅት ከፍቶ፣ አምስት ሹፌር ቀጥሮ፣ ከባንክ አራት መቶ ሺህ ተበድሮ ኖሯል። ሁሉም በጨዋታ ነው። ጨዋታ መሆኑን ግን ለእሱ ማን ደፍሮ ይንገረው!

እዚህ ላይ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ፍሬቻ ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ስሙን ያወጣንለት የሰፈር ሰዎች ነን፤ በእግሩ እየሄደም ቢሆን ከመታጠፉ በፊት እጁን ዘርግቶ ያሳያል። ዳቦ ቤት ሊገባ ሲል ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ ከኋላው የመጣችውን ሴት ፊቷን በጥፊ ሊያጮላት ለጥቂት ነው የቀረው። ታዲያ ባለፈው ወር ወገቡን ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና ሐኪሙ «ከእንግዲህ መሪ የሚባል ነገር አትጨብጥም» አለው። ይህን ሲሰማ አላለቀሰም። «ብስክሌትስ?» ብሎ ብቻ ጠየቀ አሉ።

ከቤቱ ጀርባ፣ ሸራ ለብሳ የቆመች አንዲት መኪና አለችው። ከስድስት ዓመት በፊት ከልጁ ጋር ገንዘብ አዋጥተው የገዟት ናት፤ ሊብሬው ላይ የሁለቱም ስም አለ። ልጁ ነርስ ናት፣ ባሏ ደግሞ ባንክ ብድር ክፍል ይሠራል። «ትሸጥ» የሚሉት ሁለቱ ናቸው። ገዢም ተገኝቷል።

«ሹፌር ቀጥሬ አሠራታለሁ» አለ ጋሽ ፍሬቻ።

«አባዬ፣ አንተ ሰው ማሠራት አትችልም» አለችው ልጁ። «በቀን ሃያ ጊዜ ትደውልለታለህ። በሳምንቱ ደግሞ አስወርደኸው ራስህ ትነዳለህ። ከዚያ እኔ አልጋ ላይ አገላብጥሃለሁ።»

ባንከሩ ነገሩን ወደ ሳቅ ሊቀይረው ብሎ አፉን ከፈተ። ለአማቹ ማረፊያ እንዲሆነው ያን ጨዋታ የጫነለት እሱ ነው። «አባባ፣ እንዲህ እናድርግ። እዚህ ጨዋታ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ራስዎ ሳይነዱ፣ በቀጠሯቸው ሹፌሮች ብቻ ዕዳውን እስከ ሦስት ሳምንት ከፍለው ይጨርሱ። ከጨረሱ መኪናዋ አትሸጥም።»

እሱ የቀለደ መስሎት ነበር። ጋሽ ፍሬቻ ግን ተነስቶ ጨበጠው፤ ልጁንም አስጨበጣት። ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት በመጨባበጥ ጭነት የተቀበለ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው እኔ በሩን ሳላንኳኳ ከመግባቴ ከአራት ቀን በፊት ነው። ቀጥሎ ደግሞ እኔን ዳኛ አድርገው ሾሙኝ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ፣ ቁልፍ መትከሉንና ዘርፍ መጥለፉን የትም ቁጭ ብዬ እሠራለሁ። ስለዚህ ከሰዓት ከሰዓት ሶፋው ላይ ሆኜ «መሪ እንዳይነካ» እጠብቃለሁ። ሥልጣኔ ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን ላይ ጣቱ ወደ አንዷ ቁልፍ ስትንሸራተት አየሁ።

«እጅ ወደ ላይ!»

«ሞተሩን ብቻ ልስማው ብዬ ነው።»

«ሞተሩ ደህና ነው። እጅ ወደ ላይ!»

እግሩንስ ማን ይከልክለው? ሹፌሮቹ ቁልቁለት ላይ በደረሱ ቁጥር ቀኝ እግሩ ምንጣፉን ይረግጣል። ያ ምንጣፍ እዚያች ቦታ ላይ ሳስቷል፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ጨዋታው ሲገባኝ እንዲህ ነው። ሹፌሮቹ ከጋራዥ ተነስተው ጭነት ያደርሳሉ፣ ከዚያ ወደ ጋራዣቸው ይመለሳሉ። ወደሚመለሱበት ከተማ የሚሄድ ጭነት ካገኙ ይዘው ይመጣሉ፤ ካላገኙ ባዶ ተሳቢ እየጎተቱ፣ ነዳጅ እየጠጡ ይመጣሉ። አለቃው «እንቅልፍ» የምትለውን ሲጫን የጨዋታው ቀን ያልፍና የየሰዉ ሒሳብ ይመጣል። በውላቸው መሠረት በቀን አራት ጊዜ ብቻ ትጫናለች። ተኝቶ ገንዘብ የሚቆጠርበት ሥራ በዕድሜዬ ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

ግን ገንዘቡ አልቆጠር አለ። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛው ተጋመሰ፤ ዕዳው ንቅንቅ ሲል እንደ ኤሊ ነው። ጋሽ ፍሬቻ ጮኸ፣ ተሳደበ። ጢማሙን በተለይ፣ ላባርርህ እያለ ሳያባርረው፣ አላስቀምጠው አለ።

«እዩት እስቲ! ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ባዶ ተሳቢ ይዞ መጣ! ሽርሽር ነው የላክሁህ?»

«አይሰማህም እኮ» አልኩት።

«እኔም ሲጮህብኝ አልሰማም ነበር» አለኝ።

ሦስቱ ሳምንት ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ዕለት ባንከሩ መጣ። ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ሒሳቡን አየ። ዕዳ ሁለት መቶ አርባ ሺህ፣ እጅ ላይ ያለ መቶ ሠላሳ ሺህ። ከንፈሩን መጠጠ። አመጣጠጡ የሐዘን አልነበረም፤ ብድር ሲከለክል የሚመጥጠው ዓይነት ነው።

«አባባ፣ ይህን ጢማም ያባሩት። ኪሳራ ነው። ሌላ ይቅጠሩ።»

ጋሽ ፍሬቻ ማውሱን አንቀሳቀሰና «ማሰናበት» የምትለው ላይ አቆማት። እኔ መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ጠበቅሁ። ጣቱ አልወረደችም።

«አንድ አለቃ ነበረኝ» አለ፣ ወደ ማናችንም ሳያይ። «ባዶ በተመለስኩ ቁጥር ደመወዝ ይቆርጥብኛል። እንጨት እንኳ ወደማይፈለጥበት አገር ይልከኝና "ለምን ባዶ መጣህ?" ይላል። አንድ ቀን "ጌታዬ፣ እኔ ጭነት አልወልድም" ብዬው ሦስት ወር ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ያኔ ገና አትሄድም ነበር።»

ባንከሩ ዞር አለ። ሚስቱ በልጅነቷ በአባቷ ሥራ ማጣት ምን እንደበላች መጠየቅ አይመችም።

«ታዲያ ይህ ሰውዬ ጭነት ከየት ይወልዳል?» አልኩ እኔ። «ጋራዡ ባለበት ከተማ ምን ይመረታል?»

«ምንም።»

«ምን ይፈለጋል?»

«ምንም።»

«ታዲያ ድርጅቱን ምን ብለህ እዚያ ከፈትከው?»

ጆሮው ቀላ። ሲቆይ፣ ጥፋቱ እንደተያዘበት ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ዛፍ አለው» አለ። «መግቢያው ላይ ጥላ አለ። ኮሽ የማይልበት፣ ሰላማዊ ቦታ ነው። ሹፌር ጥሩ ይተኛበታል።»

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ባንከሩ፤ መጨረሻ ላይ ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ጋሽ ፍሬቻ። ሠላሳ አንድ ዓመት መንገድ ላይ ያደረ ሰው ድርጅት ክፈት ሲባል የመረጠው መኝታ ነው! አምስቱን ሹፌሮች ጭነት በሌለበት አገር አስተኝቶ፣ ስለ ባዶ ተሳቢ ሲጮህባቸው ሰነበተ።

ሳቁ ሲያልቅ ፊቱ ተለወጠ። እንዲህ ያለ ፊት አይቼበት አላውቅም። ወንበሩን ጠጋ አደረገ፣ ካርታውን ከፈተ፣ ወደቡ ያለበትን ትልቁን ከተማ አገኘ። ክሬን፣ መጋዘን፣ ፋብሪካ፤ ጭነት የሚገባበትም የሚወጣበትም ከተማ። እዚያ ጋራዥ ዘጠና ሺህ ነው።

«አባባ፣ በዕዳ ላይ ሌላ ወጪ!» አለ ባንከሩ። «ስድስት ቀን ነው የቀረዎት። እኔ ብሆን አላበድርዎትም።»

«ስለዚህ ነው ያልጠየቅሁህ» አለና ገዛው።

አምስቱንም አዛወራቸው። ጢማሙን ከሁሉም አስቀድሞ። «ይቅርታ» ሲለውም ሰምቻለሁ፤ ሳል አስመስሎ ነው ያለው፣ ግን ብሎታል።

ሰኞ ምንም አልታየም። ማክሰኞ ሁለቱ ሙሉ ጭነት ይዘው ተመለሱ። ረቡዕ አምስቱም! ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ቀያቸውን አውልቀው አረንጓዴ ለበሱ። ጋሽ ፍሬቻ መጮህ አቆመ። ይልቅ መጠየቅ ጀመረ፤ ይኼኛው ርቀት ይወዳል፣ ያኛው ተሰባሪ ዕቃ ይችላል፣ ያቺ ገና ጀማሪ ናት፣ አጭር አጭር ይሰጣት። የደከመ መኪና ቀይሮ አዲስ ሰጣቸው። ሐሙስ ዕለት እግሩ ምንጣፉን ሳይረግጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲቀመጥ አየሁና ሊያመው ነው ብዬ ግንባሩን ዳሰስኩ።

«ምን ሆነሻል?»

«ትኩሳት ካለህ ብዬ ነው።»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ጎረቤት» አለኝ፤ ልክ ቢሮ እንዳለው ሰው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገዢው መካኒኩን ይዞ መጣ። ሸራውን ገልጠው ጎማ ሲመቱ በመስኮት ይሰማናል። ዷ፣ ዷ። ጋሽ ፍሬቻ በእያንዳንዷ ምት ዓይኑን ጭፍን ያደርጋል። ልጁ የነርስ ልብሷን ሳታወልቅ ከሥራ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሊብሬው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ባንከሩ ስክሪኑ ላይ አጎንብሷል።

ዕዳ አሥራ አንድ ሺህ። እጅ ላይ ያለ ስምንት ሺህ።

የመጨረሻዋ «እንቅልፍ» ተጫነች። ቀኑ አለፈ። የመጀመሪያው ሹፌር ገና መንገድ ላይ ነው። ሁለተኛውም መንገድ ላይ ነው። ጀማሪዋ ተመለሰች፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ! እኔ አጨበጨብኩ። አራተኛው ጎማ ፈንድቶበት ስድስት መቶ ወጪ አመጣ። እጄን መልሼ ሰበሰብኩ።

«ስንት ጎደለ?» አለች ልጁ። ሁላችንም ዞረን አየናት። እስካሁን አንድ ጊዜም ጠይቃ አታውቅም።

«አንድ ሺህ አምስት መቶ» አለ ባሏ። ድምፁ ተሰነጠቀ። ከማን ወገን እንደሆነ የረሳ ይመስለኛል።

የጢማሙ ስም ላይ ትንሿ ምልክት ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች። ከዚያ መጣ። ሲሄድ መድኃኒት፣ ሲመለስ መስታወት። አንድም ያልተሰበረ። አምስት ሺህ አራት መቶ!

ጋሽ ፍሬቻ «ዕዳ መክፈል» የምትለውን ተጫነ። ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ሰውየው ወገቡን ረስቶ ብድግ አለ፣ እጁን ዘረጋ፣ «ኧረ ጎሽ! ጎሽ፣ የእኔ አንበሳ!» እያለ ስክሪኑን ሊስመው ደረሰ። እኔ እልል አልኩ። ባንከሩ እልል ሊል ሞክሮ እንደ ሞተር ጭስ ሳል አወጣ። ወዲያው ወገቡ ራሱን አስታወሰውና ጋሽ ፍሬቻ ትከሻዬን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሳቁ ግን አልተቀመጠም።

ገዢው በሩ ላይ ብቅ አለ። «ጎማዎቹ ደህና ናቸው። እንነጋገር?»

ባንከሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ… ጨዋታ እኮ ነው፤ እውነተኛ መኪና ደግሞ…»

«ውሉን ያመጣኸው አንተ ነህ፤ ተጨባብጠናል» አለችው ሚስቱ። ወደ ገዢው ዞራ «ይቅርታ ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምንህ። መኪናዋ ሥራ ልትጀምር ነው» አለችው። ሰውየውም ወደ ጢማሙ ፎቶ፣ ወደ እኛ፣ እንደገና ወደ ፎቶው አየና፣ «እሱ ነው የገዛት?» ብሎ መካኒኩን ይዞ ሄደ።

ልጁ ሊብሬውን ከቦርሳዋ አውጥታ አባቷ ጭን ላይ አኖረችው። ግን ሲያነሳው አልለቀቀችም።

«አባዬ፣ ማልልኝ። እውነተኛውን ሹፌር ስትቀጥር ከጎኑ አትቀመጥም።»

«ሙች ስልሽ! ጋቢናዋን በእግሬ አልረግጥም።»

«ጭነቱ ላይስ?» አለችው።