ዓይኔ አልደከመም

ዓይኔ ደክሟል የተባልኩት በግምገማ ላይ ነው፤ ዘበኛው ሳይቀር ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት። የተናገሩት አለቃዬ አቶ ፈንታሁን ናቸው። «አትጠገብ ጎበዝ ጸሐፊ ነበረች» ብለው ጀመሩ። ነበረች የምትለዋ ገና ያኔ ከነከነችኝ። «አሁን ግን ስምንቱን ሦስት፣ ሦስቱን ስምንት እያደረገች ትጽፋለች። አንድ ደብዳቤ ስንቴ ይመለሳል? ዓይኗ ደክሟል። ለራሷም ጤና ሲባል መዝገብ ቤት ብትሆን ይሻላል።»

እኛ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ማለት የሰው መጣያ ነው። ከአለቃ የተጣላውም፣ ጡረታውን የሚጠብቀውም እዚያ ነው የሚወረወረው። እኔ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነኝ። ደግሞ ኮምቦልቻ ወሬ የማይደበቅባት ከተማ ናት፤ ማታ ማታ የምገባባት ደሴም ከዚህ አትሻልም። ዓይኗ የደከመ ጸሐፊ ከተባልኩ ከእንግዲህ የሚቀጥረኝ የለም። በዚያ ላይ ውሸት ነው። ውሸት ደግሞ ያንገበግበኛል።

የደከመው ስክሪኔ ነበር። ሚሌኒየሙ ከመግባቱ በፊት ቢሮ የሠራ ሰው ያስታውሳል፤ የዚያን ጊዜ ስክሪን እንደ ዛሬው ቀጭን ሰሌዳ አልነበረም፤ ጀርባው ጠረጴዛውን የሚሞላ፣ ሲያነሡት ወገብ የሚያጎብጥ ዕቃ ነው። የእኔው አሥራ አራት ኢንች ሆኖ መስታወቱ እንደ ድስት ክዳን ያበጠ ነበር። ጠዋት ስቀመጥ ደህና ነኝ። ወደ ምሳ ሰዓት ዓይኔ እንባ ያቀርራል፣ ግንባሬን ይወቅረኛል፤ ከሰዓት በኋላ ስምንትና ሦስት አንድ ይሆኑብኛል።

ፈቃድ ጠየቅሁና በሚኒባስ ቦሩ ሜዳ ሄጄ ሆስፒታል ታየሁ። ሐኪሟ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እስከ መጨረሻው መስመር አስነበበችኝ። «ዓይንሽ ጤነኛ ነው» አለች። ይህንኑ አጽፌ ለአቶ ፈንታሁን ወሰድኩላቸው። ሳያነቡት መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «ወረቀትማ ማን ያጣል» አሉኝ።

ቅዳሜ የሱፍ ጋ ሄድኩ። የሱፍ የክፍል ጓደኛዬ ነበር፤ አሁን ደሴ ሸዋ በር ሰፈር ቴሌቪዥንና ኮምፒዩተር ይጠግናል። ስሞታዬን ሳልጨርስ አቋረጠኝ።

«ይወዛወዛል ወይስ ይርገበገባል?»

«ልዩነት አለው?»

«ወላሂ አንድ አይደሉም። ጽሑፉ ግራ ቀኝ የሚል ከሆነ አጠገቡ ማግኔት ያለው ነገር ተቀምጧል፤ ስፒከር ወይ ስታቢላይዘር። እሱን ማራቅ ነው። ቦታውን ሳይለቅ ድርግም ድርግም የሚል ከሆነ ግን ምስሉን የሚያድስበት ፍጥነት አንሶታል።»

«የእኔስ ሁለቱንም ያደርጋል።»

«ለዓይንሽ ጠላት ገዝተውልሻላ» ብሎ ሳቀ። «አብሽሪ፣ ነይ እይ።»

እንደ እኔው ያለ አሮጌ አሥራ አራት ኢንችና አንድ አሥራ ሰባት ኢንች ጎን ለጎን አበራልኝ። ቀጥታ እንዳላያቸው፣ ወደ ግድግዳው ዞሬ በዓይኔ ጠርዝ ብቻ እንዳያቸው ነገረኝ። አሮጌው ሲንቀጠቀጥ ያኔ ነው በደንብ ያየሁት። የትልቁን ፍጥነት በሰከንድ ሰማንያ አምስት ጊዜ ላይ አደረገው፤ ጽሑፉ ወረቀት ላይ ያለ ይመስል ቀጥ አለ። አሮጌውንም እዚያው ላይ ሲያደርገው ሲር ብሎ ጨለመ። «አቅሙ አይደለም። በግድ ብትጭኚበት ይቃጠላል» ብሎ ወደ ስድሳው መለሰው።

ትልቁ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሄዱ፣ ፀጉር የሚያካክሉ ሁለት መስመሮች አየሁ። ተሰንጥቆ መስሎኝ ነበር።

«ኧረ ውስጡ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች እንዳይንቀጠቀጡ የያዛቸው ነው» አለኝ። «እንዲህ መስመር ያለው ካጋጠመሽ አትልቀቂው። ፊደሉ ጥርት ያለ ነው።»

አጋጥሞኝማ ነበር። አቶ ፈንታሁን ጠረጴዛ ላይ፣ ባለቤታቸው የሠሩለትን ዳንቴል ለብሶ፣ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ቆሞበት ይኖራል። እሳቸው መተየብ አይችሉም። የሚያበሩት ካርታ ለመጫወት ነው።

ሰኞ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ የምናገረውን እያጠናሁ ነበር። ቢሮ እንደገባሁ ስታቢላይዘሩን ከስክሪኑ ጎን አንሥቼ ጥግ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። መወዛወዙ ወዲያው ቆመ። መርገብገቡ ግን አልቆመም። ቀጥ ብዬ አለቃዬ ጋ ገባሁ። ሶፋው ላይ ከዞን የመጡ ሁለት እንግዶች ተቀምጠዋል፤ አልተመለስኩም።

«ስክሪን እንቀያየር» አልኳቸው። «የደከመው የእኔው ስክሪን ነው እንጂ ዓይኔ ምንም አልሆነም።»

«ይኼ ለኃላፊ የተመደበ ነው።»

«እርስዎ አይጽፉበትም።»

«ብጽፍበትም ባልጽፍበትም የኃላፊ ነው።» ከዚያ በእጅ የተጻፈ ረቂቅ አውጥተው ሰጡኝ። «ይልቅ ይኼን ጽፈሽ አምጪ። ዛሬ ይፈረማል።»

አነበብኩት። የዝውውር ደብዳቤዬ ነው። «የዓይናቸው እይታ እጅጉን በመዳከሙ» ይላል። ከእኔ በቀር ጸሐፊ ስለሌለ የራሴን መባረሪያ እኔው ልጽፈው ነው። ደሜ ፈላ። የሚገርመው ግን እንባ አልመጣብኝም፤ ሳቅ ነው የመጣብኝ።

ወደ ክፍሌ አልሄድኩም። ጠረጴዛውን ዞሬ አጠገባቸው ቆምኩ።

«ወንበሩን ይልቀቁልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ደብዳቤው እንዲጻፍ ይፈልጋሉ አይደል? እንግዲያው ቦታ ይስጡኝ።»

እንግዳ ፊት መጨቃጨቁ አሳፍሯቸው መሰለኝ ተነሡ። አበባውን አነሣሁ፣ ዳንቴሉን ገፈፍኩ፣ የሱፍ እንዳሳየኝ ሰማንያ አምስት ላይ አደረግሁትና መጻፍ ጀመርኩ። አንዲት ፊደል አልተነቃነቀችም። የሠራተኛ መለያ ቁጥሬ ስምንትና ሦስት የበዛበት ነው፤ እሱንም ረጋ ብዬ ጻፍኩት። ፕሪንተሩም የሚቀመጠው እሳቸው ክፍል ስለነበር እዚያው አተምኩና ፊታቸው አኖርኩት።

«ስህተት ካለ ያሳዩኝ። ከሌለ ይፈርሙ።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ከላይ ጀምረው እንደገና አነበቡት። እስኪሪብቷቸው እጃቸው ላይ ቀረ። ከእንግዶቹ አንዱ እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ተቀበላቸውና ተመለከተው።

«ዓይናቸው ተዳክሟል የተባሉት ማን ናቸው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

እንግዳው ወረቀቱን መልሶ ፊታቸው አኖረው። አቶ ፈንታሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ፣ ስክሪኑን ውሰጂው። ደብዳቤውም ይቅር።»

ሌላ ሰው ቢሆን እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይወጣ ነበር። እኔ ከወንበሩ አልተነሣሁም። «ደብዳቤው ቢቀርም ስሜ አይመለስም» አልኳቸው። «በሰው ፊት የተናገሩትን በሰው ፊት ያንሡልኝ። እስከዚያ የምሠራው እዚህ ነው።»

እንዳልኩትም አደረግሁ። ጠዋት ቀድሜያቸው እገባና እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ፋይላቸውን ይዘው ሶፋው ላይ ይሆናሉ። ባለጉዳይ ሲገባ ለእኔ እጅ ይነሣል፤ ኃላፊው እዚያ ናቸው ብዬ በአገጬ አመለክተዋለሁ። የሂሳብ ክፍሏ የኔነሽ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «አብደሻል? ያባርሩሻል እኮ» አለችኝ።

«ያባርሩኝ። ማባረሪያውን ማን እንደሚጽፍላቸው አያለሁ።»

የሚቀጥለው ግምገማ ደረሰ። አዳራሹ እንደበፊቱ ሞልቷል። አቶ ፈንታሁን ሪፖርታቸውን አነበቡ፣ ስለ ሰዓት አለማክበር ተናገሩ፣ ስለ መኪና አጠቃቀም ተናገሩ። ወረቀታቸውን አጥፈው ሊወርዱ ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ቆሙ።

«ባለፈው ስለ አትጠገብ የተባለው... ችግሩ ከስክሪኑ እንጂ ከዓይኗ እንዳልሆነ ተረጋግጧል» አሉ፤ ያሉትም አፋቸው ውስጥ ነው።

እጄን አወጣሁ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አልኩ። «ይድገሙልን።»