የማርያማ ምራት

ሄርሞን ልታገባ መሆኗን የነገረችኝ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሁለታችንም ከሥራ ወጥተን ሮም ውስጥ ከፒኜቶ ወደ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ በትራም እየሄድን ነበር።

«የሻረግ፣ ላገባ ነው» አለችኝ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች።

«ማንን?»

«ቫርጊስን።»

ቫርጊስን በዓይን አውቀዋለሁ። ሄርሞን የምትንከባከባቸውን አሮጊት ሲኞራ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ፀሐይ ወደምታሞቅበት መናፈሻ፣ እሱም አንድ ሽባ የሆኑ ጡረተኛ ፕሮፌሰር እየገፋ ይመጣል። ረጅም፣ ጠይም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ህንዳዊ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በላይ የማውቀው አልነበረኝም።

«ሃይማኖቱስ?» አልኳት።

«ኦርቶዶክስ ነው። ኬረላ ከሚባል አገር፣ ከደቡብ ህንድ ነው። ስሙ ራሱ ጊዮርጊስ ማለት ነው፤ በእነሱ አፍ ቫርጊስ ይሆናል።»

አላመንኳትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሳችንን አባ ተክለጻድቅን ጠየቅኳቸው። «እህት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ቁርባናችን አንድ ነው። አንቺን ምን አስጨነቀሽ?» አሉኝ። አፍሬ መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።

ሄርሞን የተወለደችው አዲስ አበባ፣ ልደታ አካባቢ ነው። ወላጆቿ ኤርትራውያን ስለነበሩ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ገና ልጅ ሳለች ቤተሰቡ በሙሉ በአውቶቡስ ተጭኖ ወደ አስመራ ተላከ። አማርኛዋ ከእኔ ይበልጣል። ካደገች በኋላ በሱዳንና በሊቢያ አድርጋ ባሕሩን ተሻገረች። መጀመሪያ ያረፈችው ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ካምፕ ነበር። ስደተኝነቷ ሲፈቀድላት ሮም ገባች፤ ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ ፒኜቶ ውስጥ አንድ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ፓስፖርት የላትም። ያላት ቲቶሎ ዲ ቪያጆ የሚሉት፣ ለስደተኛ የሚሰጥ የጉዞ ደብተር ነው። በእሱ ከኤርትራ በስተቀር የትም መሄድ ይቻላል ተብሎ ተጽፎበታል። እሷም ላዩ ላይ እንዳለው አምናው ነበር።

ሠርጉ ኮሙኔ በሚሉት ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ ሆነ። ምስክር ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ቫርጊስ ያላገባ መሆኑን ከአገሩ ቆንስላ አስጽፎ መጣ። ሄርሞን ግን የሸሸችውን አገር «ያላገባሁ ነኝ በሉልኝ» ብላ መጠየቅ ስለማትችል በሌላ መንገድ ወረቀቱን ያወጣችላት ማርቲ ናት። ማርቲ እዚሁ ሮም የተወለደች የአገራችን ልጅ ናት፤ የሠራተኛውን የወረቀት ጉዳይ በሚያግዝ ፓትሮናቶ ውስጥ ትሠራለች። አማርኛዋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ልቧ ግን ሙሉ ነው።

ፊርማው እንዳለቀ ቫርጊስ ስልኩን አወጣና እናቱ ጋ ደወለ። አማቺ ይላቸዋል፤ እማዬ እንደማለት ነው። ሴትዮዋ እንደ እኛ እናቶች ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ሙዝ ተክል ይታያል። ሄርሞንን ትክ ብለው አዩዋትና አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አለችው ሄርሞን።

«መቼ ነው የምታመጣት፣ ነው የምትለው» አለ ቫርጊስ። «በእኛ አገር ሙሽራ ስትመጣ አማቷ መብራት ይዛ ደጃፍ ላይ ትቀበላታለች። ግንባሯ ላይ መስቀል ታማትብባትና ታስገባታለች። ያንን ሳታደርግ ልጄን ድሬያለሁ አትልም።»

ሴትዮዋ የኩላሊት ሕመምተኛ ነበሩ። ዲያሊሲስ ጀምረዋል። ስለዚህ ሁለቱ ጊዜ አላጠፉም፤ በዚያው ሰሞን የቪዛውን ነገር ያዙ። ቀላል መስሏቸው ነበር። ሄርሞን «የህንዳዊ ሚስት ነኝ፣ ምን ብለው ይከለክሉኛል?» ትለኝ ነበር።

መጀመሪያ በኢንተርኔት ሞከሩ። ያኛው ቪዛ ለፓስፖርት እንጂ ለስደተኛ የጉዞ ደብተር እንደማይሰጥ እዚያው ላይ አነበቡ። ከዚያ ማመልከቻው በአካል ወደሚቀርብበት ቢሮ ሄዱ። ከሚሞላው ውስጥ አያቶችሽ ፓኪስታናውያን ነበሩ ወይ የሚል ጥያቄ አለበት። ሄርሞን ማታ ስትነግረኝ ከልቧ ሳቀች።

«አያቴ እኮ ከደቀምሐሬ ወጥተው አያውቁም» አለች።

ቢሮው ውስጥ የተቀበለቻት ልጅ ጨዋ ነበረች። ደብተሯን አገላብጣ አየችውና፣ «ሲኞራ፣ የተወለዱት አዲስ አበባ፣ ዜግነትዎ ኤርትራዊ፣ ደብተርዎ የጣሊያን። ታዲያ እርስዎ የየት አገር ሰው ነዎት?» አለቻት።

«ለእኔም ከባድ ጥያቄ ነው» አለቻት ሄርሞን።

ልጅቷ አልሳቀችባትም። እንዲህ ያለው ማመልከቻ እዚህ እንደማይወሰን፣ ወደ ዴልሂ ተልኮ መልስ እንደሚጠበቅ አስረዳቻት። መልሱ መቼ እንደሚመጣ ማንም ሊነግራት አይችልም። የጋብቻው ምስክር ወረቀት ማኅተም ተመትቶበት፣ ተተርጉሞ መምጣት አለበት። የልደት ምስክር ወረቀትም ያስፈልጋል። ሄርሞን የትኛው አገር ሄዳ ነው የልደት ወረቀት የምትጠይቀው? አንዱ አስወጥቷታል፣ ከሌላው ሸሽታለች። ማርቲ በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ አስፈጽማ የልደቱን ቦታ የሚሞላ ወረቀት አሠራችላት። ቢሮውም ተቀበለው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ።

በጋው በዚህ አለፈ፤ ቫርጊስ የሚያድረው ፕሮፌሰሩ ቤት ስለነበር ሄርሞን ከእኔ ጋ መኖሯን አላቆመችም። ቫርጊስ ጠዋት ጠዋት የማመልከቻውን ቁጥር ስልኩ ላይ ያስገባል፤ «በመታየት ላይ» የሚል ብቻ ይመጣለታል። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር እህቱ ደወለች። እናታቸው መታጠቢያ ቤት ወድቀዋል፤ ከአልጋ አይነሱም። እህትየዋ ራሷ ባሏን ተከትላ ዱባይ ነው የምትኖረው፤ ሌላ ልጅ የላቸውም።

የቫርጊስ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ እድሳት ላይ ነበር። ደረሰኙን ይዞ አገሩ ደርሶ መመለስ ይቻላል ስለተባለ ለመሄድ ወሰነ። ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኘነው ሦስታችን፣ እኔ፣ ሄርሞንና ማርቲ ነን።

«ቪዛሽ ሲመጣ ተከተይኝ» አላት።

«እሺ» አለችው።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ በቪዲዮ ይገናኛሉ። ሄርሞን ከቋንቋቸው አንዳንድ ቃል ለምዳለች፤ «አማቺ፣ ሱኻማኖ?» ትላለች፣ ደህና ነዎት ወይ ማለቷ ነው። አሮጊቷ አልጋቸው ላይ ሆነው ፈገግ ይሉና «ኤርሞን፣ ኤርሞን» ይላሉ። ከዚያ ሁልጊዜ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ቫርጊስም መተርጎሙን ተወው፤ ሁላችንም አውቀነዋልና።

አንድ እሑድ ግን ቫርጊስ ብቻውን ሆኖ ደወለ። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል። የሚነጋገሩት በጣሊያንኛ ነው።

«እዚህ አንድ ሰው አማክሬ ነበር» አለ። «ያገርሽ ፓስፖርት ቢኖርሽ ቪዛው ይፈጥናል አለኝ። ለምን ኤምባሲያችሁ ሄደሽ አታወጪም?»

«ቫርጊስ፣ እሱን አልችልም።»

«ሌላው ያወጣ የለም እንዴ? እናቴ እየሞተች ነው ሄርሞን። ወረቀት እኮ ነው።»

«ላንተ ወረቀት ነው» አለችው።

ሽንኩርቱን ትቼ ቆምኩ።

«ያፌት የሚባል ወንድም አለኝ» አለች ሄርሞን። «ድንበሩን አብረን ነበር ልንሻገር የተነሣነው። እሱን ያዙት፣ እኔ አመለጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የት እንዳለ የሚነግረን አላገኘንም። እናቴ በየእስር ቤቱ ደጃፍ ስትዞር ነው የሞተችው። አሁን እዚያ ሄጄ፣ የእናንተ ነኝ፣ ወረቀት ስጡኝ ልበል?»

«ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?»

«ካወራሁት የሞተ ይመስለኛል።»

ቫርጊስ አማቺ እየጠራችኝ ነው ብሎ ዘጋው። ሄርሞን ወጥ ቤት መጥታ ቢላዋውን ከእጄ ወሰደችና የቀረውን ሽንኩርት ከተፈች። ዓይኗ ቢያነባም ሽንኩርቱ ነው ለማለት ይመቻል።

ያም ሆኖ ነገሩ ከልቧ አልወጣም። በሚቀጥለው ሐሙስ ማርቲ ጋ ሄድን።

«አሎራ፣ ሄርሚ፣ ስሚኝ» አለች ማርቲ። «ያንን ፓስፖርት በፈቃድሽ ካወጣሽ፣ ከዚያ አገር ጥበቃ አያስፈልገኝም እንዳልሽ ሊቆጥሩብሽ ይችላሉ። ስደተኝነትሽ ሊነሳ ይችላል። የጠየቅሽው የጣሊያን ዜግነትም ችግር ውስጥ ይገባል። አታድርጊ አልልሽም፣ ባልሽ ነው፣ አማትሽ ናቸው። ግን አውቀሽ አድርጊው።»

ሄርሞን አመስግናት ወጣች። ወደ ቤት አላመራችም፤ «ነይ፣ ተከተይኝ» አለችኝና በሌላ አቅጣጫ አውቶቡስ ያዝን። የት እንደምንሄድ ገብቶኛል። ኤምባሲው ያለበት መንገድ ማዶ ደርሰን ቆምን። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። እንደኛው የቤት ሠራተኛ የሆኑ ሴቶች፣ ሕፃን የታቀፉ እናቶች፣ ሽማግሌዎች። ማንም አያስፈራም ነበር። ሄርሞን ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩን ብቻ ታያለች።

«ልግባ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? «የልብሽን አድርጊ» አልኳት።

መንገዱን ለመሻገር አንድ እግሯን ከእግረኛው መንገድ አወረደች። ከዚያ መለሰችው። «አይ፣ አልችልም። ያፌት በሕይወት ካለ እዚህ ስገባ ማየት የለበትም» አለች። በመጣንበት አውቶቡስ ተመለስን።

አሮጊቷ ያረፉት ከገና ጾም መግቢያ በኋላ ነው። የቀብሩን ሥነ ሥርዓት እዚያ በቪዲዮ ማስተላለፍ የተለመደ ስለሆነ፣ ሄርሞን ሥራ ቦታዋ ሆና ለሲኞራ ሾርባ እያጎረሰች በስልኳ ተከታተለችው። አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ከገባ በኋላ ፊታቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ዘመድ አንድ በአንድ እየቀረበ ይስማል። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የእህት ልጅ። ምራት ልትቆም የሚገባት ቦታ ላይ ማንም አልነበረም። ቫርጊስ ተጎንብሶ ከሳመ በኋላ እዚያው ቆሞ ቀረ፤ የኋላው ሰው ትከሻውን ነካ ሲያደርገው ነው ፈቀቅ ያለው።

ሲኞራ ትዝታቸው የጠፋ ሴት ናቸው። የሄርሞንን ዕንባ አይተው፣ «ማን ሞተ?» አሉ።

«አማቴ ናት፣ ሲኞራ።»

«ትወድሽ ነበር?»

«አልተገናኘንም» አለች ሄርሞን፣ አፋቸውን በፎጣ እየጠረገችላቸው።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ማመልከቻዋን ራሷ ሄዳ ሰረዘች። ያቺ ጨዋ ልጅ፣ «ትንሽ ቢታገሱ መልሱ ሊመጣ ይችላል» አለቻት። ሄርሞን ግን «የምሄድበት ሰው የለም» ብላ ደብተሯን ተቀብላ ወጣች።

ቫርጊስ ወዲያው አልተመለሰም። እናቱን ሲያስታምም ለፔርሜሶው አሻራ እንዲሰጥ የተቀጠረበት ቀን አልፎበት ነበርና መግቢያው ተወሳሰበ። ማርቲ በሚስቱ በኩል እንዲገባ አዲስ ጥያቄ አስገባች፤ ስደተኛ ሴት ባሏን ማስመጣት ይፈቀድላታል። ይህም የራሱን ጊዜ ወሰደ። እሱ ፊውሚቺኖ ሲደርስ ፋሲካ አልፎ ሙቀቱ ጀምሮ ነበር። ከስቷል፣ ጢሙን አሳድጓል። ሄርሞን ልታቅፈው ስትቀርብ አቀፋት፤ ግን እንደ እንግዳ ነበር ያቀፋት። ሽማግሌውን ፕሮፌሰር ሌላ ሰው ይዟቸዋል። ሆቴል ወጥ ቤት ሥራ አገኘ፤ እሷ ስትወጣ እሱ ይገባል፣ እሱ ሲወጣ እሷ ትገባለች። እኔ ቤቱን ለቅቄላቸው ከሌላ ጓደኛዬ ጋ ገባሁ።

አንድ ቀን ዕቃዬን ልወስድ ስሄድ ብቻውን አገኘሁት። ሻይ አፍልቶ ሰጠኝ።

«ቫርጊስ፣ ተቀይመሃታል?» አልኩት። እኔ ካልጠየቅኩት ማን ሊጠይቀው ነው።

«አልተቀየምኩም» አለ። «እሷ ያደረገችው ልክ ነው። እኔም ብሆን እንደዚያ አደርግ ነበር። ግን እናቴ እስከ መጨረሻዋ በሩን ስታይ ነው የሞተችው። ይህን ደግሞ ከዓይኔ ማጥፋት አልችልም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ምን ላድርገው?»

ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

የሴትዮዋ ሙት ዓመት ሲደርስ ሄርሞን እኛ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት እንዲደረግላቸው አሰበች። ቫርጊስ ይምጣ አይምጣ አልነገራትም ነበር፤ እሑድ ጠዋት ግን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከወንዶቹ በኩል ቆሞ አየሁት። ቅዳሴው ሲያልቅ ሁለቱ አባ ተክለጻድቅ ፊት ቀረቡ፤ እኔ ከኋላ ነበርኩ።

«የሟቿ ስም ማን ነው?» አሉ አባ።

«ማርያማ» አለ ቫርጊስ።

«ጥሩ ስም ነው። የሚያስቡላቸውስ እነማን ናቸው?»

ሄርሞን ጥያቄውን በጣሊያንኛ ነገረችው። ቫርጊስ ጥቂት አሰበና ቀስ ብሎ መለሰላት። እሷ ግን ወዲያው አልተረጎመችም፤ አንገቷን ደፍታ ቆየች። አባም ታግሠው ጠበቋት።

«ልጇና ምራቷ በሉልኝ፣ ይላል» አለች በመጨረሻ።

አባ ራሳቸውን ነቅንቀው ጸሎቱን ጀመሩ። ስንወጣ ዝናብ ያካፋ ነበር፤ ቫርጊስ ለሥራ ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር ተሰናብቶን ቸኩሎ ሄደ። ሄርሞን ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳብ አድርጋ ከእኔ ጋ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች።